በየቀኑ አንድ ስህተት

እትዬ ጠመኔ ጠዋት የለበሱት ቀሚስ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ፣ ለምሳ ሲወጡ ነጭ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምሩ ጠመኔው እኩሌታው ሰሌዳ ላይ፣ እኩሌታው እሳቸው ላይ ነው ያለቀው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። እሳቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አለፉት።

ሴትዮዋ አንድ አመል አለባቸው። በየቀኑ ሰሌዳ ላይ ከሚሠሩት ሒሳብ አንዱን ሆን ብለው ያሳስቱታል። የትኛው እንደሆነ ታዲያ ቢሞቱ አይናገሩም። ስህተቱን ያገኘ ልጅ ተነስቶ በምን እንዳወቀ ያስረዳል፤ ካስረዳ ዳስተሩን ተቀብሎ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ያገኘው ከሌለ እዚያው ሰሌዳው ላይ ያድራል።

አመሉ ከሜዳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ገና ጀማሪ ሳሉ አንድ ቀን ከነጌቲቭ ሦስት ላይ ነጌቲቭ አምስትን ሲቀንሱ፣ ሁለት ማለት ሲገባቸው እጃቸው ስቶ ነጌቲቭ ስምንት ብለው ጻፉ። አርባ አንድ ልጅ ሳይጠይቅ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። በፈተናው ጊዜ አርባ አንዱም ያንኑ ነጌቲቭ ስምንት መልሶ አስረከባቸው። ሲያርሙ መጀመሪያ ተናደዱ፤ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ገባቸውና አፈሩ። ልጆቹ የሚያምኑት ቁጥሩን ሳይሆን ሰሌዳውን ነበር። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሌዳቸው አይታመንም።

ይህ ለሁሉም ሰው አይዋጥም። አንድ አባት የልጁን ደብተር ገልጦ ያየውን አይቶ፣ ይቺ ሴትዮ መደመር አትችልም ብሎ ለዳይሬክተሩ ከሰሰ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጭቅጭቅ ግን አይወዱም። ሰኞ ዕለት እትዬ ጠመኔን አስጠርተው፣ ሐሙስ ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት የተሳሳተች ነገር ካየ ከክፍል ወጥተው የመጻሕፍት መጋዘን እንደሚመደቡ ነገሯቸው። ሌላውን ቀን እንደልብዎ ይሁኑ፣ ሐሙስን ብቻ ይማሩኝ ብለው ለመኗቸው። እትዬ ጠመኔም እሺ አሉ። እሺታው የምር ነበር፤ ልጅ የሌለበት ክፍል ውስጥ መዋል ለእሳቸው በቁም መቀበር ነው።

ግን ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ረቡዕ ዕለት ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብለው ጻፉና፣ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው ሁለት አምስተኛ አሉ። ደወል ተደወለ። ያገኘው ልጅ አልነበረም፤ ስህተቱም አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ሳይመጣ ሊያጠፉት ዳስተሩን አነሱ። ዘወር ሲሉ ከተማሪዎቻቸው አንዷን፣ የልብስ ሰፊዋን ልጅ አዩ። ይቺ ልጅ ክፍሉን ስትደግም ሁለተኛዋ ነው። ዘንድሮም ከወደቀች እናቷ ትምህርቱ ይቅርባትና ከስፌት መኪናው ላስቀምጣት ብላ ቆርጣለች። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አሁን ግን ከእናቷ ቤት ያመጣችውን የጨርቅ ቅዳጅ ዴስኩ ላይ ዘርግታ፣ በማስመሪያ እየለካች፣ አንዴ ጨርቁን አንዴ ሰሌዳውን ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ጠመኔ ዳስተሩን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ሱፐርቫይዘሩ ገባ። ዕድሜው የእሳቸው ልጅ ቢሆን ነው፣ እስክሪብቶው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሰሌዳውን አየ፣ ጻፈ፣ እንደገና አየና እንደገና ጻፈ።

“ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“ትክክል ነው ይላሉ?”

በሩ ላይ የቆሙት ዳይሬክተሩ በዓይናቸውም በእጃቸውም ይጠቅሷቸዋል፤ በሉ ይናገሩ፣ አመሌ ነው ይበሉ ማለታቸው ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባቸው። አልዋሽም፣ እትዬ ጠመኔ ፈሩ። ልጅቷን አዩ። ጨርቁን ገና አላጠፈችውም።

“ትንሽ ይታገሱኝ” አሉት።

ደቂቃዋ አላልቅ አለች። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዴስኩን ተደግፋ ብድግ አለች።

“ቲቸር፣ ይሄ ጨርቅ ስልሳ ሳንቲ ነው። ግማሹ ሠላሳ ነው። ሁለት አምስተኛው ደግሞ ሃያ አራት ነው።” በጣቷ ሰሌዳውን አመለከተች። “ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያንሳል?”

ሱፐርቫይዘሩ ወደ እሷ ዞረና ታዲያ ትክክሉ ስንት ነው አላት።

“እሱን ገና አላወቅኩትም” አለች። “ይሄ ግን አይደለም።”

እትዬ ጠመኔ ዳስተሩን አቀበሏት። ሁለት አምስተኛን በገዛ እጇ አጠፋችው። ከዚያ ተመልሳ በጨርቋ ሠላሳና ሃያ፣ ሃምሳ ከስልሳ እያለች አምስት ስድስተኛ ላይ ስትደርስ ክፍለ ጊዜው አልቆ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አልተነሳም።

ሲወጣ እትዬ ጠመኔን ለምን እንዳልነገሩት ጠየቃቸው። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር አለ።

“ለእርስዎማ ይበቃ ነበር” አሉ። “እሷ ግን አፏን የከፈተችው ዛሬ ነው። እኔ ብቀድማት መልሳ ትዘጋው ነበር።”

ሱፐርቫይዘሩ የጻፈውን አልቀደደም፤ ከሥሩ ጨመረበት። ዳይሬክተሩ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት፤ መምህሯ ከዚህ ክፍል እንዳይነሱ ይላል። እትዬ ጠመኔ አመሰገኑና ልጆቹ ወጥተው እስኪያልቁ ቆመው ጠበቁ። የመጨረሻዋ ልጅ ስትወጣ ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ቦታ ተቀምጠው አለቀሱ።