ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዓባይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ወደ ማታ ልጄ ቤዛ የአፍሪካን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «እማዬ፣ ጠይቂኝ፤ ነገ ፈተና አለብን» አለችኝ። ከኮሌጁ የተማሪዎች ምግብ ቤት ድንችና ሽንኩርት ስልጥ ውዬ መግባቴ ነበር። እጄ ገና ይሸታል፣ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። ቤዛ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እኔ ከስድስተኛ አላለፍሁም። ቢሆንም መጽሐፏን ተቀብዬ ተቀመጥሁ። እናት «ደክሞኛል» ካለች ልጅም ትሰንፋለች ብዬ እፈራለሁ። እኔ የማልፈራው ነገር ብዙ የለም፤ ባጃጁን እፈራለሁ፣ ብርዱን እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እንኳ እፈራለሁ።

ካርታው እኔ ከተማርሁት ጋር አይገጥምም። በእኔ ጊዜ ደቡብ ሱዳን የምትባል አገር አልነበረችም፤ የእኛም አገር ቅርጿ ሌላ ነበር። ዓባይ ግን ያው ነው። ከጣና የሚወጣውን ቀጭን ሰማያዊ መስመር በጣቴ ስነካው የሰኔ ጭቃ ሸተተኝ።

ያደግሁት አንበሳሜ አጠገብ ነው። ትምህርት ቤታችን ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቅ ነበር፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ። ስድስተኛ ክፍል ስገባ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን ጋሼ ታምራት የሚባሉ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ቀጭን መምህር ነበሩ። ያለቻቸው ካርታ አንዲት ብቻ ናት፤ ጠርዟ ተበልቶ በጨርቅ የተጠገነች። የልጅ ጣት እንዳይነካት ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጧታል። ስለዚህ አፍሪካን የተማርነው መሬት ላይ ነው። «ነገ ሁላችሁም አመድ ይዛችሁ ኑ» አሉን። እናቴ ምድጃውን እየጠረገች፣ «አመድ ደግሞ ምን ያስተምራል? ጉድ ነው!» እያለች በጣሳ ሞላችልኝ።

በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በአመድ ትልቅ አፍሪካ ሣልን። ጋሼ ፊታችንን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው አቆሙንና፣ «ግራ እጃችሁ ሰሜን፣ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ» አሉ። የካርታው ራስ በእውነተኛው ሰሜን በኩል፣ ወደ ጎንደር አቅጣጫ እንዲሆን አደረጉት። ለተራራ ድንጋይ ከመርን፣ ለሰሐራ አሸዋ በተንን፣ ለኮንጎ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዘጎዝን። አንዱ እርምጃ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ነገሩን። እኔ በአምስት እርምጃ ከጣና ተነሥቼ ካይሮ እደርስ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ የራቀ መንገድ አልሄድሁም።

አገሮቹን ያጠናነው ደግሞ እንደ እርሻ ማሳ ነው። «በምሥራቅ ማን ያዋስነዋል? በምዕራብስ?» ይሉናል፣ ልክ እንደ ዳኛ። የገበሬ ልጅ ድንበር አይጠፋውም፤ ስንቱ ጎረቤት በአንድ ፈር ተካስሶ አይተናል። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የግብፅና የሊቢያ ድንበር ለምን እንዲህ ቀጥ አለ? ወንዝ የለው፣ ዛፍ የለው» ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ ሳቁና፣ «ሽማግሌ ሳይቆምበት በማስመሪያ የተሠመረ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ የእኔ ሆነ። ሌላው ሲሳሳት እያረምሁ ጠላት አበዛሁ።

ያን ጊዜ በእኛ ዘንድ ከስድስተኛ በላይ ክፍል አልነበረም። ለሰባተኛ ባሕር ዳር አክስቴ ቤት መቀመጥ ነበረብኝ። አባቴ ነገሩን ወደዱትም ጠሉትም ለማለት ያስቸግር ነበር። ጋሼ ታምራት ቤታችን ድረስ መጥተው ለመኗቸው። አባቴም፣ «እስቲ በወላጆች በዓል ሕዝብ ፊት ቆማ ስትናገር ልያትና እቆርጣለሁ» አሉ። እኔ ከማጀት ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ውኃ ስቀዳ ዋና ከተማ፣ ከብት ሳስገባ ዋና ከተማ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሜዳው ላይ ስንደርስ ሌሊት የጣለው የሰኔ ዝናብ አፍሪካን አጥቦ ወስዷታል። ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ሳይወዱ ካርታቸውን አውጥተው ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀሏት። ወላጆች በረጠበ ጋቢ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ክፍሉ የሱፍና የጭቃ ሽታ ሆነ። እኔም አርጩሜ ይዤ ወጣሁ። ተራሮቹን አሳየሁ፣ ቡናማው ደጋ፣ አረንጓዴው ቆላ መሆኑን ተናገርሁ፣ የሃያ አገር ዋና ከተማ ሳላቋርጥ ጠራሁ። አባቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዱላቸውን ተመርኩዘው ያዩኛል። ከዚያ፣ «ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ባሕር ይገባል» ብዬ አርጩሜዬን ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ገፋሁት።

«ኧረ ተዪው ልጄ! ይህች ልጅ ዓባይን ሰማይ ልትሰቅለው ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አባቴ ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ ከብት እየነዳሁ ዓባይን ስሻገር ነው የሸበትሁ። ወደ ታች ነው የሚሄደው። ውኃ ሽቅብ ሲወጣ የት አየሽ?»

መልሱን አውቀው ነበር። አባቴ በሚሻገሩበት በኩል ወንዙ በእርግጥ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ጎጃምን ዞሮ ነው ወደ ሱዳን የሚመለሰው። ካርታ ሲሰቀል ላይ የተባለው ደግሞ ሰሜን እንጂ ዳገት አይደለም። ካርታዋን አውርዳችሁ መሬት ላይ አንጥፉልኝ ብል ይበቃ ነበር። ጋሼ ታምራት አዩኝ፤ አልረዱኝም፤ በዓይናቸው ብቻ ንገሪያቸው አሉኝ። ነገር ግን አባትን በሸንጎ ፊት ተሳስተዋል ማለት በእኛ ዘንድ እንዴት ይደረጋል?

«ልክ ነዎት፣ አባ» አልሁ። «ወደ ታች ነው።» አርጩሜዬንም በኬንያና በታንዛኒያ ላይ ጎትቼ ዓባይን ደቡብ አፍሪካ አደረስሁት። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ታምራት ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ እግር ይይዝ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ። አባቴ የተደሰቱ መስሎኝ ነበር። መንገዳችን ላይ ያለውን ጅረት ተሻግረን ማዶ ስንደርስ ቆም አሉ።

«መምህሩ ያስተማረሽ እንዴት ነው? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ላይ ነው፣ አባ።»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

«ወደ ላይ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«እርስዎ ስላሉኝ።»

አባቴ ጭቃውን በዱላቸው ወጋ ወጋ አደረጉት። «እኔ በአንድ ቃል ካስጣልሁሽ፣ የከተማ አፈ ጮሌ ስንቱን ያስጥልሻል? ባሕር ዳር ይቅርብሽ።»

በዓመቱ ተዳርሁ። ባሕር ዳር የመጣሁት ኋላ ከባሌ ጋር፣ ልጅ አዝዬ ነው። አባቴ ሲያረጁ ለሕክምና እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን ሾርባ እያጠጣኋቸው፣ «አባ፣ ያን የካርታውን ቀን ያስታውሳሉ?» አልኋቸው። ግራ ገባቸው። «የምን ካርታ?» አሉኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ስሸከመው የኖርሁትን እሳቸው እዚያው ጭቃው ላይ ጥለውት ሄደዋል።

ይህን ሁሉ ለቤዛ አልነገርኋትም። ከዓባይ ምንጭ እስከ ባሕር ያለውን ርቀት ለኪ ይላል መጽሐፉ፤ ማስመሪያ አቀበልኋት። «ተሳስተሻል እማዬ፣ ወንዙ ጠማማ አይደል? በክር ነው የሚለካው» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ለእናትሽ እንዲህ ነው የሚባለው?» ማለት ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥሁት። ክር ፈልጌ ሰጠኋት፤ በየመታጠፊያው ላይ በጥንቃቄ ስታስተኛው አየኋት።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ። «ካይሮ የሱዳን ዋና ከተማ ናት» አልኋት።

«አይደለችም፤ የግብፅ ናት።»

«እኔ ናት እያልሁሽ!» ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ጠረጴዛውንም መታሁ። ክሩ ወደቀ። ቤዛ ደነገጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሁን ትተወዋለች አልሁ።

«ብትቆጪም አይደለችም» አለች፤ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

መጽሐፉን ከደንሁት። «በቃ፣ አውቀሻል» አልኋት፣ ራቷን ላቀርብ እየተነሣሁ።