ግማሽ ሮኬት፣ ግማሽ እሺ

የአክስቴ የኩካ ባል ጀልባውን አስነስቶ «አኦሪታ!» ብሏት ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አኦሪታ እኛ ዘንድ «አሁን መጣሁ» ማለት ነው፤ ማታ እመጣለሁም፣ ጭራሽ አልመጣምም ማለት ሊሆን ይችላል። ባሕሩ ጀልባዋን መለሰ፤ ሰውየውን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሜክሲኮ፣ ባግዳድ በሚባለው ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው ምግብ ቤታችን ይህ ቃል ከአፉ ያመለጠው ደንበኛ ዓሣው የሚደርሰው ከሁሉ ኋላ ነው። አስተናጋጇ እኔ ነኝ፣ ስድቡን የምቀበለውም እኔ።

ዶን ኤቤራርዶ የጀልባ ሞተር ይጠግናሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጢማቸውን ሳያበጥሩ ደጅ አይወጡም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየፋሲካው አክስቴን «አግቢኝ» ይሏታል። ከወንዙ ማዶ፣ አሜሪካ ምድር ላይ፣ ያ ሰማይ ጠቀስ ሮኬት መሠራት ሲጀምር አክስቴ መገላገያ ያገኘች መሰላት።

«ያ ቆርቆሮ ወጥቶ በሰላም የተመለሰ ዕለት አገባሃለሁ» አለቻቸው። እንቁራሪት ጠጉር ስታበቅል እንደ ማለት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የሮኬቱ የታችኛው ክፍል ተመልሶ መጣና የተነሳበት ማማ በሁለት የብረት ክንዱ ቀለበው! ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ጨፈሩ። ዶን ኤቤራርዶ ክራባት አስረው እየሮጡ ደረሱ።

«ኩካ! ተመለሰ!»

«የላይኛውስ የታለ?»

«ኧረ ግማሹ መጥቷል እኮ!»

«እንግዲያው ግማሽ እሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶን ኤቤራርዶ ከደንበኞች ወንበር ተነስተው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ከድስቱ መቅመስ ተፈቀደላቸው። እጅ መያዝ ግን ክልክል ነበር፤ እጅ የላይኛው ክፍል ነው ተባለ።

ባለፈው ሐሙስ ሁለቱም ክፍሎች ይመለሳሉ የተባለበት የሙከራ በረራ ነበር። በዚያ ቀን ባሕሩ ለጀልባ ዝግ ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እኛ ጋ ፈሰሰ። አኮርዲዮኑ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። እኔ ሮዝ ቀሚሴን ለብሼ ሳህን ይዤ እጨፍራለሁ፤ ደስታው ሊገድለኝ ነበር! ሰዉ የመጣው ሮኬቱን ሊያይ አይደለም፣ አክስቴን ሊያይ ነው።

«ዶን ኤቤራርዶ፣» አለ ናቾ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ሙሉ ነዎት ወይስ ግማሽ?»

«ወገቤን ካልቆጠርክ ሙሉ ነኝ!»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በረዶ አለቀብን። ዶን ኤቤራርዶ የመኪናቸውን ቁልፍ አነሱ። «በሃያ ደቂቃ እመለሳለሁ» አሉ። እኚህ ሰው አኦሪታ ብለው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ቁጥር ነው የሚናገሩት።

አክስቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሃያ ደቂቃው ሲያልፍ ግን ሰዓቱን በጎን ማየት ጀመረች። ሬዲዮው የቀረውን ጊዜ እየቆጠረ ነው፤ ሰው ሁሉ አሸዋው ላይ ወጥቶ አንገቱን አንጋጧል። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ዓሣ አሳረረች። ይህን አይቼ አላውቅም።

«ቀረ» አለች።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነው፣ አክስቴ።»

«ባሌ የቀረ ጊዜም ማዕበል ነው ብለውኝ ነበር።»

ያረረውን ዓሣ ከእጇ ተቀብዬ ደፋሁት።

ቆጠራው አርባ ሰከንድ ሲቀረው ቀጥ አለ። አንዱ ችኩል ርችቱን አስቀድሞ ተኮሰና ውሻ አስበረገገ። ከዚያ ሬዲዮው አንድ ቧንቧ አልከፈት ብሎ በረራው ለሌላ ቀን መተላለፉን ተናገረ። ዳርቻው በሙሉ «ኤዲያ!» አለ። አክስቴ ብቻ ሰማዩን አላየችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

በመንገዱም ዶን ኤቤራርዶ በእግራቸው መጡ። የበረዶውን ከረጢት ተሸክመዋል፤ ከሸሚዛቸው ውኃ ይንጠባጠባል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አሸዋ ነው።

«ይቅርታ ኩካ፣ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ሰመጠችብኝ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀሁ።» ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «በረረ እንዴ?»

«ተላለፈ!» አለ ናቾ። «እርስዎም አብረው ተላለፉ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዶን ኤቤራርዶም አብረው ሳቁና ከረጢቱን አወረዱ። «ምን ይደረጋል፣ እንጠብቃለን» አሉ።

«እኔ አልጠብቅም» አለች አክስቴ።

አኮርዲዮኑ ዝም አለ።

«ሄደህ ተመልሰሃል። ለእኔ ይበቃኛል። አገባሃለሁ፣ ሙሉውን!»

ጩኸቱና ፉጨቱ ሌላ ነው፤ እኔ ሳህኑን ወርውሬ ናቾን አቀፍኩት። ዶን ኤቤራርዶ ግን በረዶው ላይ ዘጭ ብለው ቀሩ።

«ምነው አንተ ሰው፣ ደስ አላለህም እንዴ?»

«ኩካ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እምቢ ስትይኝ የምመልሰውን ሳጠና ኖርኩ። እሺ ካልሽ የምለውን አላጠናሁም።»

አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ። ፊቷን በሽርጧ ጠረገችና እጇን ሰጠቻቸው።

«ተነስ በል» አለች፣ «በረዶውን አቀለጥከው።»