ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ያነበበ ዕለት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ የመጣነው የቤት ኪራይ ገፍቶን ነው። እኔ ሥራዬ አሁንም መሀል ከተማ ነው፤ ልጄ ግን ሰፈራችን ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ገባች። የወላጆች ኮሚቴ አባል የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። ስብሰባ አርፍጄ ደርሼ መቀመጫ ስፈልግ፣ አንዱ «እኚህ ቆመዋል፣ እሳቸው ይሁኑ» አለና ተጨበጨበልኝ።

ያን ዓመት አዲስ መመሪያ መጣ። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ከዳይሬክተሩ እጅ በቀጥታ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር የሚሄደው። ምን እንደተጻፈበት ወላጅ አያውቅም፤ አይጠይቅምም። አሁን ግን ኮሚቴው አይቶ ይፈርምበት፣ ከዚያም በወላጆች ፊት ይነበብ ተባለ።

ዳይሬክተሩ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቢሮው ጠራኝና ሪፖርቱን ሰጠኝ። ቶሎ ቶሎ አነበብኩት። «በሁሉም ክፍሎች ትምህርት ሳይቆራረጥ ተሰጥቷል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ይሄ የስምንተኛ ክፍል ሂሳብንም ይጨምራል?» አልኩት።

ተነስቶ በሩን ዘጋው። የልጄ ክፍል የሂሳብ መምህር በዓመቱ አጋማሽ ለቆ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ገብቷል። ከዚያ ወዲህ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው።

«ምትክ ያልጠየቅሁ መሰለዎት? አፌ እስኪደርቅ ነው የጠየቅሁት። ‹በጀት የለም፣ ታገስ› ነው መልሱ። አሁን ይሄንን ለወላጅ ካነበብኩ፣ ገመናችንን አደባባይ አወጣ ነው የምባለው።»

«እኔ አልፈርምም» አልኩት።

«ልጅዎ እዚሁ ነው የምትማረው» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እስካሁን አልገባኝም።

ቤት ገብቼ ስናገር ልጄ አለቀሰች። «እማ፣ አስተማሪዎቹ እኮ ሁሉም ያውቁኛል! ፈርመሽ ዝም በይ በቃ።» ምን ልበላት? እኔም ፈርቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄድኩ። ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ ነው የምንላቸው፤ ጅማ መንገድ ዳር የከብት መኖ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ሰላም አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የሆነውን ነገርኳቸው።

«አንቱስ ሊፈርሙ ነው?» አልኳቸው።

«የልጅ ልጄ እዚያው ክፍል አይደለም ወይ? እሱ ሜዳ ሲውል እያየሁ ምን ብዬ እፈርማለሁ?»

ቅዳሜ ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ኃላፊ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሪፖርቱ ሳይፈረምበት መቅረቡን ያነሳ ሰው የለም። ዳይሬክተሩ ተነሳና ማንበብ ጀመረ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ተጠገኑት ዴስኮች። የቦርሳዬን ማንገቻ ጭብጥ አድርጌ ይዣለሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንብቦ ካለፈ እጄን አወጣለሁ ብያለሁ።

«በሁሉም ክፍሎች ትምህርት ሳይቆራረጥ…» አለና ቆመ። ቀና ብሎ ወደ አጥሩ አየ። ወረቀቱን ዝቅ አደረገው።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለ። «ስምንተኛ ክፍል ከአጋማሹ ወዲህ የሂሳብ መምህር የለውም። ኮሚቴውም አልፈረመበትም።»

ግቢው ተናወጠ። «እስካሁን የት ነበርክ? ፈተናው ሲደርስ ነው የምትነግረን?» እያለ አንድ አባት ወንበር ገፍትሮ ወደ ፊት ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። አንዱ የዳይሬክተሩን ኮት ጨምድዶ ያዘ። ኃላፊው «ስብሰባው ተበትኗል!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ያልፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ተናግሮ የሚደበደበው ግን እሱ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ኦቦ በመሀል ገቡ። «ልቀቀው! ዱጋ የተናገረ ሰው ይመታል?» አሉ። ዱጋ እውነት ማለት መሆኑን እዚያ የማያውቅ አልነበረም። እጁ ኮቱን ለቀቀ። ኦቦ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «አንተስ፣ መምህር ስትጠየቅ ምን ብለህ መለስክ?»

«በሥርዓቱ ይታያል» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያስ እስኪታይ እዚሁ ነን» አሉና ተቀመጡ። ወላጁም ተቀመጠ። ኃላፊው ስልኩን ይዞ ከክፍሎቹ ጀርባ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። ከጎረቤታችን ከዓለም ገና ከተማ በትውስት መምህር እንደሚመጣ ነገረን።

መምህሩ እውነትም መጣ፤ በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ቢሆንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳይሬክተሩ ራሱ ያስተምራቸው ነበር። ልጄ አለፈች፤ ዝቅተኛው ውጤቷ ግን የሂሳብ ነው። ክረምት ላይ ዳይሬክተሩ ወደ ተፍኪ ትምህርት ቤት መዛወሩን ሰማን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

መስከረም ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ከእሱ ጋር ተገናኘን። ላልፈው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«በእኔ ምክንያት ነው የተዛወሩት?»

«አይደለም» አለኝ። «ባይፈርሙም አንብቤው ላልፍ ነበር። ግን ልጆቹ አጥሩ ጋ ቆመው ይሰማሉ። እነሱ እያወቁ ፊታቸው መዋሸት አቃተኝ።»

የተፍኪው ሚኒባስ መጣ። ሰው እየተጋፋ ሲገባ እሱም እግሩን አነሳ።

«እዚያስ የሂሳብ መምህር አለ?» አልኩት።

«ሂሳብስ አለ» አለኝ፣ በሩን ይዞ። «እንግሊዝኛ ነው የሌለው።»