ወንበሩ ላይ የቀረው ወንድይፍራው

ዲላ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጠው ወንድይፍራው እሑድ እሑድ ሁለት ቦታ ይገኝ ነበር። በማለዳ፣ መዘምራኑ ሳይመጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባና ቦታ እንዳይወሰድበት መጽሐፍ ቅዱሱን ከፊት ረድፍ ወንበር ላይ ያኖራል። ይህንንስ ሁሉም ያደርገዋል። የእሱ ጉድ አለመመለሱ ነው። አንድ ቀን «ማኪያቶ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ ቀረ፤ ማንም ምንም አላለም። ኋላ ላይ ማኪያቶውንም ተወና በቀጥታ ወደ አልጋው መመለስ ጀመረ።

ጉባኤው ደግሞ መጽሐፉን ካየ «ለትንሽ ጉዳይ ወጥቶ ነው» ይላል። አስተናጋጇ ሩሃማ ለወንበሩ ውሃ ታቀርባለች። ሰባኪውማ ለብ ስላለ እምነት ሲሰብክ ወደ ወንበሩ እየጠቆመ «እንደ ወንድማችን ትጉ!» አለ። ወንድይፍራው ስብከቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ በቴሌግራም ሲሰማ «አሜን!» አለ።

አንድ እሑድ እንደዚያው ተኝቶ ሳለ ከአጥሩ ማዶ «የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰማ። ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቱ እትዬ አትጠገብ ናቸው። እንዴት ይውጣ? እሱ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! «ጌታ ሆይ፣ ሌላ ሰው ላክላቸው» ብሎ ጸለየ። የሚያናድደው ከልቡ መጸለዩ ነው። ሴትዮዋ ደግመው ሲጮኹ ግን ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ወንድይፍራው አፈረ፤ ፈራም። በፒጃማው አጥሩን ዘለለ።

እትዬ አትጠገብ ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀው እግራቸውን ይዘዋል።

«ቤተ ክርስቲያን አልነበርክም እንዴ?»

«እዚያም አለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እዚያ ያለኸው ይጸልይልኝ። እዚህ ያለኸው ባጃጅ ጥራ!»

እግራቸው ተሰብሯል። በሚቀጥለው እሑድ ወንድይፍራው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ እሳቸው ቤት ገባ። መዝሙረ ዳዊት አነበበላቸው፤ ገንፎ አገነፋ። ገንፎው ጓጉሎ ነበር፤ ግን በሉለት። ከዚያ ልብሳቸውን ማጠብ ያዘ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲታይ ጉባኤው ደነገጠ። «ወንድማችን ከእምነቱ ወደቀ!» ተባለና ጸሎት ተያዘለት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በዛብህና ሩሃማ ሊመልሱት ሲፈልጉት፣ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ሆኖ አገኙት።

«አንድ እሑድ ቀርተህ የማታውቅ ሰው! ምን ነካህ ወንድሜ?» አለ በዛብህ።

ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ መጥቼ አላውቅም። የሚመጣው መጽሐፉ ነው።»

«ታዲያ ውሃውን ማን ነበር የሚጠጣው?» አለች ሩሃማ።

ሁልጊዜ ከዚያ ወንበር አጠገብ የሚቀመጠው በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚህ ቤት ቦታ የሚያዝበት ወንበር የለም» አሉ እትዬ አትጠገብ ከአልጋቸው። «የሚታጠብ ልብስ ግን ሞልቷል።»

በዛብህ የራሱን መጽሐፍ ቅዱስ መስኮቱ ላይ አኖረ። ሦስቱም ወጥቶ ሊቀር ነው ብለው በሩን በሩን አዩ። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለ።