ዝም ያለው ገጽ

ሚጢ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ በልጅነቷ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ነው። ዛሬ ጠና ያለች ሴት ሆና፣ በዓይነ ስውራን ማኅበር ቢሮ በጸሐፊነት እየሠራችም ስሙ አለቀቃትም። እሷም ወንድሟን «ጋሼ» ትለዋለች።

ጋሼ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ትምህርት ቤት ሳሉ መጽሐፍ የምታነብለት እሷ ነበረች። እኩዮቿ ውጭ ሲቦርቁ እሷ በመስኮት ሥር ተቀምጣ ታሪክና ጂኦግራፊ ታነበንባለች። አንዳንዴ ሰልችቷት መስመር ትዘላለች። ያውቅባታል፤ ግን አይናገራትም።

ካደጉ በኋላ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጫንለት ሁለቱም እፎይ አሉ። ጋሼ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ከሰካ ከወንበሩ ንቅንቅ የለም። ሚስቱ የፕሮግራሙን የሴት ድምፅ «ጣውንቴ» ብላ ሰይማዋለች። «እኔ ስጮህ አይሰማኝም፤ ጣውንቴ ስታንሾካሹክ ግን ጆሮው ይቆማል» እያለች እንግዳ ታስቃለች።

ማኅበሩ ድረ ገጽ ነበረው፤ እዚያ ላይ አንዱን ገጽ የያዘው ጋሼ ነው። ዓይናቸውን በቅርቡ ያጡ ሰዎች ይጠይቁታል፣ ይመልስላቸዋል። ትኩስ ሻይ ሳይፈስ እንዴት ይቀዳል? ጎረቤት በአዘኔታ ከንፈር ሲመጥ ምን ይባላል? ከሁሉም አብዝታ የምትጠይቀው በሕመም ዓይኗን ያጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጇ ናት የምትጽፍላት። አንድ ጊዜ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንዴት እንደሚገባ ጠየቀችው። ጋሼ በዕድሜው መርፌ ይዞ አያውቅም። ከሚስቱ መርፌ ለምኖ፣ ጣቱን ሲወጋ ሰንብቶ፣ በምላስ ጫፍ እየዳሰሱ ማስገባት እንደሚቻል ከደረሰበት በኋላ ነው የመለሰላት።

ድረ ገጹ የቆመበት ሶፍትዌር የአንድ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ሶፍትዌሩን ማደስ ተወ፤ ሲበላሽም ከባለቤቱ በቀር የሚነካው አልነበረም። ስለዚህ ማኅበሩ ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለመዛወር ወሰነ፤ ማለትም ማንም በነጻ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ፣ እንዳሻው ሊያስተካክለው ወደሚችል። ሥራውን «እኔ እሞክራለሁ» ብላ የተቀበለችው ሚጢ ናት። ኮምፒዩተር የተማረች አይደለችም። እያነበበች፣ እየተሳሳተች፣ የማታውቃቸውን ሰዎች በኢንተርኔት እየጠየቀች ተማረች። ሲሳካላት ብቻዋን ትስቃለች። መልኩን ለማሳመር ፎቶ የሚያፈራርቅ፣ በጽሑፍ ፈንታ ትንንሽ ሥዕሎች የሚነኩበት ዝግጁ ንድፍ መረጠች።

መሀል ላይ «ጋሼን ላስሞክረው» የሚል ሐሳብ መጥቶላት ነበር። ግን «አልቆ ላስደንቀው» ብላ ተወችው።

የምረቃው ቀን ዓይናማዎቹ የቦርድ አባላት አዳራሹን በጭብጨባ ሞሉት። ሊቀመንበሩ «እንደ ሙሽራ አስጌጠችው» አሉ። ጋሼ ከኋላ ተቀምጦ እሱም አጨበጨበ።

በማግስቱ «ጋሼ፣ እንዴት አገኘኸው?» አለችው።

«ጥሩ ነው፣ ሚጢ። እጅሽ ይባረክ።»

ወራት አለፉ። ሚጢ የጋሼን ገጽ ስትከፍት ጥያቄ ተከማችቷል፤ መልስ ግን የለም። «ሰነፈ ማለት ነው» ብላ ተቀየመችው። ሰው እየጠበቀው! በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልትወቅሰው ቤቱ ሄደች። ሚስቱ በሩን እየከፈተች «ጣውንቴ እኮ ጥላን ጠፋች። ሬዲዮ ብቻ ሆኗል ወዳጁ» አለቻት። አልሳቀችም።

ሚጢ ሳትቀመጥ ጀመረች። «ጋሼ፣ ሰው ሲጠይቅህ ለምን አትመልስም?»

«የጠየቀኝ ሰው አለ እንዴ?»

የሚቀልድ መሰላት። እሱ ግን በዳበሳ ኮምፒዩተሩን ከፈተና እሷም እንድትሰማ ማዳመጫውን ነቀለ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ «ምስል። ምስል። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።»

«የምን ቁልፍ ነው?» አለች ሚጢ።

«እሱን እኔም ስፈልግ ከረምኩ።»

ያኔ ገባት። «ቁልፍ» የሚለው ያን ሁሉ ያማረ ሥዕል ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ስም ግን አልተጻፈለትም። ለሚያይ ሰው በር ነው፤ ለእሱ ግን ግድግዳ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ስንት የደከምሽበት ነው። ሁሉ ሲመርቅሽ እኔ ምን ብዬ ውሃ ልቸልስበት? ደግሞ ብነግርሽ፣ ነይ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ ማለት መሰለኝ። በልጅነትሽ ያስቀረሁብሽ ጨዋታ ይበቃል።»

ሚጢ ኮምፒዩተሩን ወደ ራሷ ሳበች።

ሶፍትዌሩ ክፍት በመሆኑ ለማቃናት የማንም ፈቃድ አላስፈለገም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ከመጀመሪያውም ሊስተካከል የሚችል ነበር፤ የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ያዳምጣል፣ «እዚህ ጋ ዝም አለች» ይላታል፣ እሷ ለቁልፉ ስም ትጽፍለታለች። ድምፁ አንድ ቀን «የቀረቡ ጥያቄዎች» ብሎ በግልጽ ሲያነብ የጋሼ ሚስት ከጓዳ «እሰይ፣ መጣች!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ የተከማቸውን በተራ አስነበበ። ልብስ ሰፊዋ ደጋግማ ጽፋለች። መጀመሪያ ስለ ሥራዋ ነበር። ቀጥሎ ደንበኞቿ ጨርቅ ማምጣት እንደተዉ፣ ቤት መዋል እንደከበዳት። የመጨረሻው አጭር ነው፤ «ደክሞዎት ይሆናል። ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ።»

ጋሼ ያን ዕለት ረጅም መልስ ጻፈላት። በሳምንቱ ደገመላት። ከሌሎቹ ጠያቂዎች አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ከእሷ ግን ድምፅ የለም። ሙያዋን እንጂ ስሟንም አድራሻዋንም አስፍራ አታውቅም፤ የት ሄደው ይጠይቋት?

«የምታደርጊው የለም፣ ሚጢ። አንቺ ክፉ አላሰብሽም» ይላታል ጋሼ።

«አለማሰቤ እኮ ነው፣ ጋሼ» ትላለች።

ሊቀመንበሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድረ ገጹን እያሳዩ «የእሷ ሥራ ነው» ይላሉ። ሚጢ ሻይ ላምጣ ብላ ትወጣለች።