የአክስቴ ሠርግና ጉልበተኛው ፓምፕ

ማደያ አጠገብ ሳልፍ የቤንዚን ሽታ ሲመጣ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔን ግን ሠርግ ትዝ ይለኛል።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ያደግሁበት ቤት በር ላይ የአባቴ አሮጌ ጂፕ ትቆም ነበር። አባቴ በእሷ ሰውና እህል እያመላለሰ ያሳድገን ነበር፤ ምክር ግን ከማንም አይቀበልም ነበር። እናቴ «ይህ ሰው ለንስሐ አባቱም ንስሐ ይሰጣል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ክረምት ገብቶ ጭቃው መንገዱን ሲዘጋ መኪናዋ ሥራ ትፈታና፣ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሲፈታና ሲገጥም ይውል ነበር። በአንዱ ክረምት ቤንዚን ስቦ፣ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ ለሚሰጠው ካርቡራቶር የሚያቀብለው ፓምፕ ተበላሸ። መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት አባቴ ደብረ ታቦር ሄደና ከአዲስ ሞዴል መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይዞ መጣ። ማታ ራት ላይ በደብረ ታቦሩ መካኒክ እየሳቀ ነገረን፤ መካኒኩ «የዚህ ግፊቱ ብዙ ነው፣ የድሮ ካርቡራቶር አይችለውም» ብሎት ኖሯል። «የጉናን ዳገት የሚወጣ ጉልበት ያለው ነው!» ብሎ አባቴ በማግስቱ ራሱ ገጠመው።

እህል በሚሰበሰብበት ወራት መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ በሄደችበት ሞተሯ እየጠፋ፣ ቤንዚኑን እንደ ውሃ እየጨለጠች ትሠራ ነበር። አባቴ አንድ ቀን በቤንዚኑ፣ አንድ ቀን በመንገዱ ያሳብብ ነበር፤ በፓምፑ ግን ሰው እንዲመጣበት አይፈልግም ነበር።

ጥር ላይ የታናሽ እህቱ የብርቱካን ሠርግ ደረሰ። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ስትዳሪ በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ እጄ አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። የሙሽራው ወገን ሚኒባስ አዘጋጅተው ሳለ አክስቴ አይሆንም ያለችው በዚህ ምክንያት ነው።

በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ፣ እኔም ከአክስቴ ጎን ተሸጎጥሁ፣ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፣ መኪናዋም ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሳትርቅ ሁለት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች። አባቴ ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞር ባሰባት። ኮፈኑን ሲከፍት ካርቡራቶሩ ሞልቶ ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ይወርዳል። እናቴ «ውረዱ! እሳት ይነሣል!» ብላ ጮኸችና ሁላችንም ተንጋግተን ወረድን።

በእኛ አገር የወጣች ሙሽራ ወደ ቤት ብትመለስ እንደ ክፉ ምልክት ይቆጠራል፤ ስለዚህ አክስቴ መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። ሰው ሁሉ ሚኒባሱ ይምጣ ሲል እሷ አለቀሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ ካላደረሱኝ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው።

እናቴ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሕፃን በኃይል ሲግቱት ትን እንደሚለው ሆናለች እኮ። ቀስ ብሎ የሚወርድላትን ስጣት» አለችው። በሰው ፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም ነበር። አባቴ እህቱን አየ፣ ፓምፑን አየ፣ ከዚያ «ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፓምፑን ፈቶ ጣለው፣ የፈሰሰውን ጠራረገ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ ከዚያም ጀሪካን ጣሪያው ላይ አስሮ ቤንዚኑ በቀጭን ላስቲክ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራቶሩ እንዲወርድ አደረገ። አንደኛው ሚዜ ሱፉን እንደለበሰ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጀሪካኑን አቀፈ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። አክስቴም ቬሎዋ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ፣ በወንድሟ እጅ ባሏ ቤት ደረሰች።

ዛሬ ሙሽሮች በአበባ ባጌጠ የኪራይ መኪና ነው የሚሄዱት፤ ኮፈን የሚከፍት የለም። አባቴም አርጅቷል። ባለፈው ዓመት ለጂፑ የሚስማማ አነስተኛ ፓምፕ ከግፊት መቀነሻ ጋር ገዝቼለት ሄድሁና አብረን ገጠምነው። መነጽሩን አድርጎ የግፊቱን መለኪያ ጌጅ እያየ፣ «ስንት ላይ ላቁመው ልጄ?» አለኝ።

«ሦስት ይበቃታል፣ አባዬ።»

ሦስት ላይ አቆመውና እጁን ጠረገ። መኪናዋ ያለ ጭስ፣ ያለ ሳል ጸጥ ብላ ሠራች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን እንደ ድሮው «አይደለም፣ ሰባት ነው!» ብሎ ቢጮኽብኝ ምን ነበረበት እያልሁ ሆዴ ባባ።