እግር ሳያወርዱ መሳለም

አጎታችን ፍኖተ ሰላም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፉ ከብስክሌታቸው አይወርዱም ነበር። የፊት ጎማውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው ቀጥ ብለው ይቆሙና፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ በአንድ እጃቸው አማትበው ይሄዳሉ።

ቄሱ «ወርደው ቢሳለሙ ምን አለበት?» ሲሏቸው፣ «አባ፣ ከወረድሁማ ወሬ ይይዘኛል!» ይሉ ነበር።

ይህን ለእህቴ አስተማሯት። እኔን ግን «አንተ ቆመህም ትቸኩላለህ» ብለው ተዉኝ። ብቻዬን ብሞክርም እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

በአርባቸው ዕለት እህቴ በእሳቸው ብስክሌት፣ እኔ በኪራይ ብስክሌት ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ አማተበች። ቄሱ «ቁርጥ እሳቸውን!» ብለው አለቀሱ። እኔ ከማልቀሴ በፊት ቀናሁባት።

ከዚያ ለመቆም ሞከርሁና እግሬን አወረድሁ። «ቆመህም ትቸኩላለህ» የሚለኝ ሰው አልነበረም።